በመከራ ዓለም ልጅ መውለድ በደል ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኤርምያስ ሚስት እንዳያገባ፣ ልጅም እንዳይወልድ ከእግዚአብሔር የታዘዘ ሰው ነው። ምክንያቱም እዚያው ተነግሮታል፤ በዚያች ምድር የሚወለዱ ልጆች በክፉ ሞት ይሞታሉ፤ አልቃሽም ቀባሪም አያገኙም (ኤር. 16፥2-4)። ይኸው ነቢይ ግን በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች ደብዳቤ በጻፈ ጊዜ ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ውለዱ፣ በዚያም ተባዙ ብሎ አዘዛቸው (ኤር. 29፥5-6)። በአገሩ ላለው አትውለድ፣ በግዞት ላለው ውለድ። ሁለቱንም ያዘዘው አንድ አምላክ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር አንዲት ቀላል መልስ ሰጥቶን አላለፈም፤ እኛም አንዲት ጥቅስ ወርውረን ማለፍ አይገባንም።

ይህን የምጽፈው በሐዋሳ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ በኋላ ወጣቶቻችን ደጋግመው ስለሚያነሡት ጥያቄ ነው። «ጦርነት፣ መፈናቀል፣ ረሀብና በሽታ ባለበት ዓለም፣ እርሱ ሳይጠየቅ ሰው ወልዶ ማምጣት በደል አይደለም ወይ?» ይላሉ። ጠያቂዎቹ እምነት የጎደላቸው ወይም ምቾት የሚያሳሳቸው አይደሉም። ከመካከላቸው አንዷ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ የቆየች፣ በ2014 ዓ.ም. አገራችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምትልክበት ዕድል ሲቋረጥ ከሥራ የተቀነሰች እኅት ናት። ከጓደኞቿ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖራለች፤ ፍራሾቹ መሬት ላይ ናቸው፣ የከሰል ምድጃው ደጃፍ ላይ፣ ልብሳቸው ግድግዳው ላይ በተመታ ምስማር። እጮኛ አላት። «ማግባቱን አልፈራሁም፤ ልጁን ግን የት አስተኛዋለሁ? ለምን ዓይነት ኑሮስ ልጥራው?» አለች። አጠገቧ የተቀመጠ ወንድም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ መለሰላት። ወደዚህ አባባል በኋላ እመለሳለሁ።

አስቀድመን ጥያቄው ነውር አለመሆኑን እንወቅ። ጻድቁ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ኤርምያስም እንዲሁ፤ ወንድ ልጅ ተወለደልህ ብሎ አባቱን ያበሠረውን ሰው ሳይቀር ረግሟል (ኤር. 20፥14-15)። መክብብ የግፉዓንን እንባ አይቶ፣ ከሞቱትም በሕይወት ካሉትም ይልቅ ገና ያልተወለደው ይሻላል አለ (መክ. 4፥1-3)። ጌታችንም ስለሚመጣው መከራ ሲናገር «በዚያችም ወራት ለርጉዞችና ለሚያጠቡ ወዮላቸው» ብሏል። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ቃላት አልፋቀቻቸውም፤ ታነባቸዋለች። በመጽሐፈ ኢዮብ ፍጻሜም የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ልደቱን በረገመው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ለሐዘኑ የተዘጋጀ መልስ ይዘው በመጡት ወዳጆቹ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)። አስተማሪ የሆንን ሁላችን ይህን ልንፈራው ይገባናል።

አባቶች ያወገዙት ሌላ ነገር ነው። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፋርስ የተነሣው የማኒ የተባለ መናፍቅ ትምህርት ልጅ መውለድን ብርሃንን በክፉ ሥጋ ውስጥ እንደ ማሰር ይቈጥረው ነበር። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታናሽ እስያ በጋንግራ ከተማ ለጉባኤ የተሰበሰቡት አባቶች ጋብቻን የሚጸየፉትን አውግዘዋል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም መጋባትን ስለሚከለክሉ ሰዎች አስቀድሞ አስጠንቅቋል (1ኛ ጢሞ. 4፥3)። ኢዮብ የሚያለቅሰው ሕይወት መልካም መሆን እንደሚገባው ስለሚያውቅ ነው። ማኒ ግን እግዚአብሔር አይቶ «እጅግ መልካም» ያለውን (ዘፍ. 1፥31) ክፉ ይለዋል። የዘመናችን ጠያቂ ከሁለቱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳንለይ ለማውገዝ አንቸኵል፤ ብዙውን ጊዜ ከኢዮብ ወገን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ፤ «ሳይጠየቅ» ወደሚለው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የሕንድ ወጣት፣ የሙምባይ ነዋሪ፣ ወላጆቼ ያለ ፈቃዴ ስለ ወለዱኝ እከሳቸዋለሁ ብሎ የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ብዙዎች ሳቁበት። እኔ ግን ሊሳቅበት የሚገባ አይመስለኝም፤ ከእኛ ማንም እንዳልተጠየቀ የተናገረው እውነት ነውና። ሊጠየቅ የሚችልም አልነበረም፤ ገና ያልተፈጠረ ሰው እሺም እምቢም አይልም።

በሥጋ ከተወለዱት ሁሉ ግን መወለድን አውቆና ወድዶ የመረጠ አንድ አለ። ቅድመ ዓለም የነበረው ቃል ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው ተሰውሮበት አልነበረም። ሄሮድስን ያውቀዋል። የይሁዳን መሳም፣ በጲላጦስ አደባባይ የሚወርድበትን ጅራፍ፣ ችንካሩን ያውቃል። እናቱ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ እንደምታጣም ያውቃል። በአዋቂ ሰው መልክ በድንገት ቢገለጥ የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን በድንግል ማኅፀን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ተወሰነ፤ በጨርቅ ተጠቀለለ፤ ጡት ጠባ። ሰው ሆኖ መወለድ በራሱ በደል ቢሆን ኖሮ ይህን በደል በራሱ ላይ ባላደረሰው ነበር። እናቱም ተጠይቃለች፤ መልአኩ ከእርሷ ዘንድ የሄደው «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ካለች በኋላ ነው (ሉቃ. 1፥38)። እኔ ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የጠነከረ መልስ አላገኘሁም። ምክር ሰጭ ብዙ ነው፤ ሕማሙን ሁሉ አስቀድሞ እያወቀ ልወለድ ያለ ግን እርሱ ብቻ ነው።

ይህን ማለቴ መከራው ቀላል ነው ለማለት አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ ስንቆም፣ ምድር በአደይ አበባ በተሸፈነችበት ወራት፣ የምናስበው ሕፃን ታቅፋ በበረሃ የምትሰደድ እናትን ነው። እርሱ ወደ ግብፅ ወረደ፤ የቤተ ልሔም ሕፃናት ግን በሰይፍ ወደቁ። ወንጌላዊው ማቴዎስ ራሔል ስለ ልጆቿ አልቅሳ መጽናናትን እንዳልወደደች ጻፈ እንጂ እንባዋን ሊያብስላት አልሞከረም (ማቴ. 2፥18)። ልጁን የቀበረ ወላጅ በአጠገባችን ሲቀመጥ እኛም ከወንጌላዊው አንበልጥም።

ሐምሌ 19 ቀን ከተማችን እንዴት እንደምትሆን ሐዋሳ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ስለታቸው የሰመረላቸው እናቶች ጧፍና ጥላ ይዘው፣ በስለት ያገኙትን ልጅ በነጠላ አዝለው፣ ወደ ቅዱስ ገብርኤል ይጎርፋሉ። ከበሮው ሲመታ እናቱ ጀርባ ላይ ተኝቶ የማይነቃ ሕፃን አይታችሁ ይሆናል። የዚያን ቀን የሚነበበው ግን ስለ ፈላ ውኃ ነው። ቅድስት ኢየሉጣ ከመኰንኑ ሸሽታ ነበር፤ ከሦስት ዓመት ልጇ ከቂርቆስ ጋር ተያዘች። ሊጣሉበት የተዘጋጀው፣ ውኃ የሚፈላበት ጋን ድምፁ እንደ ነጐድጓድ ሲሰማ እናቱ ፈራች፤ ልጁም አልፈራም። አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያዳነ አምላክ እኛንም ያድነናል ብሎ አበረታት፤ ስለ እርሷም ጸለየ። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም ውኃውን አቀዘቀዘው።

ጥያቄው የሚዘነጋው ነገር እዚህ ላይ አለ። የሚወለደውን ልጅ መከራ የሚወርድበት፣ የሚጎዳ፣ የሚታዘንለት አድርጎ ብቻ ያየዋል። በዚያ ጋን አጠገብ ግን የጸናው ልጁ ነው፤ የተደገፈችው እናቱ። የሚወለደው ሰው የራሱ ነፍስ፣ የራሱ ጸሎት፣ የራሱ ድፍረት ያለው ነው፤ ምን እንደሚሆን እኛ አስቀድመን ደምረንና ቀንሰን አንጨርሰውም። ደግሞም ከጋኑ የዳኑት ቂርቆስና ኢየሉጣ ኋላ በሰማዕትነት አርፈዋል። መልአኩ መከራን ሁሉ ከፊታቸው አላነሣም። በስለት ልጅ ያገኘን ሰዎች ይህን የታሪኩን ክፍል ሳንዘልል ብንተርከው መልካም ነው።

መከራም ቢሆን የማይነቃነቅ ዕጣ አይደለም። በአገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። 67ቱም ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት ሙሉ ለቅሶ ነው። ነገር ግን በየገጠሩ በእግራቸው ዞረው የሚያስከትቡት፣ ምጥ የያዛትን በቃሬዛም በአምቡላንስም የሚያደርሱት፣ ሌሊቱን ቆመው የሚያዋልዱት በሲፓራና በፉሐ መንገድ የሄዱ ናቸው። እነዚያ ሁለት አዋላጆች ፈርዖን በዓባይ ወንዝ ሕፃናትን ሊያስጥል በተነሣበት ዘመን፣ በዚህ ጊዜ መውለድ ይገባል አይገባም ብለው ዕብራውያቱን አልመከሩም፤ የተወለደውን አዳኑ (ዘፀ. 1፥17)።

አሁን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ወደሚለው ልመለስ። አባባሉን አያቶቻችን ችግር ላደቀቀው ሰው ማጽናኛ አድርገው ተናግረውት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን የራሳችንን ግዴታ በሕፃኑ ዕድል ላይ ለመጫን እየተጠቀምንበት ነው። ሐዋርያው ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን ከካደ ሰው ጋር እንደሚቈጠር፣ ከማያምንም እንደሚከፋ ጽፏል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ወንድሜ ሆይ፣ ወልደህ በዕድሉ ይደግ ካልህ ያች እኅት በደል ያለችው እውነት ይሆናል፤ በዳዩም አንተ ነህ። ልጅን ጧሪ ቀባሪ ይሆነኛል ብሎ ብቻ መውለድም ከዚህ አይርቅም። ልጅ ለእርጅናችን የተቀመጠ የባንክ ተቀማጭ አይደለም። ቢጦረን ደግ ነው፣ ምርቃት ያገኝበታል፤ የተፈጠረው ግን ለእግዚአብሔር ነው።

ስለዚህ ያች እኅት «የት አስተኛዋለሁ» ማለቷ የእምነት ማነስ አይደለም። እናትነት ከመውለድ በፊት የሚጀምረው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው። እርሷና እጮኛዋ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተቀምጠው፣ ጸልየው፣ ኑሯቸውን መዝነው ጊዜውን ሊወስኑ ይችላሉ። ኤርምያስን በአንድ ወራት አትውለድ፣ ወገኖቹን በሌላ ወራት ውለዱ ያለ አምላክ የእነርሱንም ወራት ያውቃል። የሚፈረድበት ካለ፣ ጥያቄዋን ሰምተን በምሳሌያዊ አነጋገር የሸኘናት እኛ ነን።

ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ራሱ መናገር እንደማይችል አሳምራ ታውቃለች። ለዚህም ነው ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ የክርስትና አባት ወይም እናት የምታቆመው። ያ ሰው ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክድለታል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖትን ይመሰክርለታል። ሕፃኑ በውኃው ያለቅሳል፤ ሜሮን ይቀባል፤ ማዕተቡ በአንገቱ ይታሰራል፤ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። አንድም ቃል ሳይናገር ሌላ ሰው ተናግሮለታል። በእኛ ዘንድ ግን የክርስትና አባትነት ልብስ ገዝቶ፣ ድግስ በልቶ የሚያልቅ ነገር ሆኗል። በዚህች ከተማ ልጁ ትምህርት ሲያቋርጥ፣ እናቱ የቤት ኪራይ ሲጨምርባት፣ ስለ እርሱ አንደበት የሆነው ሰው የት ነው ያለው? ሰንበት ትምህርት ቤታችን የክርስትና ልጆችን ዝርዝር ይዞ በየቤቱ መጠየቅ ቢጀምር ለእኅታችን ከማንኛውም ስብከት የበለጠ መልስ ይሆናት ነበር።

ስላልወለዱትም ልናገር። ከመነኰሳቱ ጀምሮ ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ሳይወልዱ የሚኖሩ አሉ፤ ፈልገው ያላገኙም አሉ። ሁለቱንም ትእዛዝ እንዳፈረሱ አድርገን አንያቸው። እግዚአብሔር በነቢዩ ኢሳይያስ አድሮ ልጅ ለሌላቸው ጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች ይልቅ የሚበልጥ ስም በቤቱ እሰጣቸዋለሁ ብሏል (ኢሳ. 56፥4-5)። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን ልደት ንፍሮ ቀቅለን ከጎረቤት ጋር ስናከብር፣ ኢያቄምና ሐና በመካንነታቸው ስንት ዓመት በገዛ ወገኖቻቸው እንደ ተናቁ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በዚያው ንፍሮ ዙሪያ ተቀምጠን ልጅ ያልወለደችውን ጎረቤታችንን «እስካሁን ምነው?» እንላታለን። አትጠይቋት። «ያልወለደ አንጀት» የሚለውንም ስድብ ከአፋችሁ አውጡት፤ ስንት የሰው ልጅ በክርስትና እናትነት አሳድጋ ለቁም ነገር ያበቃች ሴት በየአጥቢያችን አለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።