የቀደምት አውሮፕላን ሞተሮች ብሮንዚን፦ ከባቢት እስከ ብር

ብሮንዚን ክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና ዘንግ) እና ቢዬላ (ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) የሚዞሩበት፣ ገጹ በለስላሳ ብረት የተለበጠ ማቀፊያ ነው። በመሃል የሚገባው ዘይት ብረት ከብረት እንዳይነካካ ያደርጋል። ዘይቱ ከተቋረጠ ወይም ልባጡ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ይነክሳል፤ ማለትም ተጣብቆ መዞር ያቆማል። መኪና ሲሆን ዳር ይዞ ይቆማል፤ አውሮፕላን ግን እንዲያ ማድረግ አይችልም። በመጀመሪያዎቹ የበረራ ዓመታት የሞተር አስተማማኝነት በአብዛኛው በዚህች ስስ ልባጥ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የራይት ወንድማማቾችም አላመለጡም። መካኒካቸው ቻርሊ ቴይለር በ6 ሳምንት ገደማ የሠራው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በፌብሩዋሪ 1903 ተሞከረ። በማግስቱ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ብሮንዚኖቹ ላይ ደረሰ። ብሮንዚኖቹ ነከሱ፤ የሞተሩ የአሉሚኒየም አካል ተሰበረ። አዲስ አካል ተቀልጦ እስኪመጣ ሁለት ወር ገደማ ሄደ። በዲሴምበር ኪቲ ሆክ ላይ የበረረው ይኸው እንደገና የተሠራው ሞተር ነው።

በዚያ ዘመን ዋናው ልባጥ ባቢት ነበር። አይዛክ ባቢት በ1839 የፈጠረው የቆርቆሮ፣ የአንቲሞኒና የመዳብ ቅልቅል ነው። ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ ቢገባ ውጦ ያስቀረዋል፤ ክራንክሻፍቱ አይጫርም። ሙቀት ግን አይችልም። 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊትም አቅሙ ይከዳዋል። ፒስተኑ ደጋግሞ ሲደበድበው ደግሞ ይሰነጠቅና ቁርጥራጩ ይነሳል።

አሜሪካ በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ መሐንዲሶቹ ጄሲ ቪንሰንትና ኤልበርት ሆል ዋሽንግተን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጥቂት ቀናት ነደፉ። 400 የፈረስ ጉልበት የነበረው ባለ 12 ሲሊንደሩ በዚያው ዓመት ኦገስት የ50 ሰዓት ፈተና አለፈ። ዛሬ 50 ሰዓት ምንም አይመስልም፤ ያኔ ግን ቀላል አልነበረም። በእንዲህ ያለ ፈተና ሞተሩ መሬት ላይ ታስሮ በኃይል ይሠራል። ከዚያ ተፈቶ ብሮንዚኑ አንድ በአንድ ይታያል፦ ስንጥቅ አለው? ተጭሯል? ጠርዙ ቀልጧል? ሰዓቱን ከመቁጠር ይልቅ ብዙ ያስተማረው ይህ የመፍታት ሥራ ይመስለኛል።

በሊበርቲ ቢዬላዎቹ ጥንድ ጥንድ ነበሩ። አንዱ እንደ ሹካ የተከፈለ ነው፤ ሌላው በሹካው መሃል ይገባል። ስለዚህ ብሮንዚኑ በውስጥም በውጭም ይሠራል፤ ጭነቱም ከባድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሊበርቲዎችን ያድስ የነበረው የኢንዲያናፖሊሱ አሊሰን ኩባንያ መፍትሔ አገኘ። መሐንዲሱ ኖርማን ጊልማን ጠንካራ የአረብ ብረት ቀለበት ወስዶ፣ ውስጡንም ውጭውንም እርሳስ በተቀላቀለበት ነሐስ ለበጠው። ብረቱ ቅርጹን ይይዛል፤ ነሐሱ ከባቢት የበለጠ ሙቀትና ዱላ ይችላል። ሌሎች ሞተር ሠሪዎችም ይህን ብሮንዚን ይገዙ ጀመር።

ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን በሚደረደሩበት ራዲያል ሞተር ችግሩ ይብሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ባለ 14 ሲሊንደር የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር ነበራቸው። ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ ናቸው። የአንድ ረድፍ 7 ፒስተኖች ጉልበት በሙሉ በአንድ ዋና ቢዬላ ብሮንዚን ላይ ያርፋል። ፕራት ኤንድ ዊትኒ ለዚህ ዓይነቱ ጭነት ወደ ብር ሄደ። ብር ድካም ይችላል፤ ዘይት ሲያጥረው ግን ቶሎ ይነክሳል። ስለዚህ ላዩን ስስ እርሳስ ተቀባ። እርሳሱን ደግሞ ያረጀ ዘይት የሚያመነጨው አሲድ ይበላዋል። ለዚህ መከላከያ ኢንዲየም የተባለ ለስላሳ ብረት ተጨመረበት። ይህ ብረት በብዛት ሥራ ላይ የዋለው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚሁ ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ብሮንዚን ነው።