ጂኦታጊንግ ምንድን ነው?

ከጉዞ ተመልሳችሁ ስምንት መቶ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ገለበጣችሁ እንበል። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱን ትከፍታላችሁ። ድልድይ ነው። የትኛው ድልድይ? እንጃ።

ጂኦታጊንግ የዚህ "እንጃ" መድኃኒት ነው። ፎቶ፣ ቪዲዮ ወይም ድምፅ የት እንደተቀረጸ የሚናገሩ ቁጥሮችን ከፋይሉ ጋር ማያያዝ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ሁለት ናቸው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ። ከፍታም ይጨመራል፤ ግን ጂፒኤስ (ቦታን በሳተላይት ምልክት የሚያውቀው ሥርዓት) ከፍታን በመለካት ብዙም አይታመንም። ፎቶ ላይ እነዚህ የሚጻፉት ኤክዚፍ በሚባለው የፋይሉ ክፍል ነው። ኤክዚፍ በፈረንጆቹ 1995 ጃፓን ውስጥ የወጣ መስፈርት ሲሆን፣ የካሜራውን ዓይነትና ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ሳይቀር ይዞ ይዞራል።

ስልክ ይህን ሁሉ በራሱ ይሠራዋል። የካሜራ መተግበሪያው መጀመሪያ ሲከፈት ያላችሁበትን ቦታ ለማወቅ ፈቃድ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ጂፒኤስ በሌለው ካሜራ ነው። በትርፍ ሰዓቱ ኮድ የሚጽፍና መዞር የሚወድ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚጠመደው። እኔም እንደዚያው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ቦርሳ ውስጥ ትንሽ የጂፒኤስ መቅጃ ትይዛላችሁ፤ ስልክም ይሆናል። በየጥቂት ሰከንዱ ያላችሁበትን ነጥብ ከነሰዓቱ ይጽፋል። ነጥቦቹ ተደርድረው ትራክ ይባላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት በ2002 በወጣው ጂፒኤክስ በተባለ የፋይል ዓይነት ነው። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከፍታችሁ በዓይናችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። እንግዲህ ካሜራው መቼ እንደሆነ ያውቃል፣ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። መቅጃው ሁለቱንም ያውቃል፣ ፎቶ ግን የለውም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰዓት ብቻ ነው።

መቅጃው 10:14:20 ላይ አንድ ነጥብ፣ 10:14:40 ላይ ሌላ ነጥብ ጻፈ እንበል። ፎቶው የተነሳው 10:14:35 ላይ ነው። ከ20 ሰከንዱ 15ቱ አልፏል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ነጥብ ወደ ሁለተኛው ሦስት አራተኛውን መንገድ ሄዳችኋል ማለት ነው። ኬክሮሱንም ኬንትሮሱንም በዚሁ ልክ ማስላት ነው። አለቀ። ይህን የሚሠራ ኮድ አንድ ገጽ አይሞላም። ኤክዚፍቱል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ በአንድ ትእዛዝ ይጨርሰዋል። ይህን ያወቅኩት ግን የራሴን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ጣጣው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ጂፒኤክስ የሚጽፈው ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ካሜራው ደግሞ እናንተ የሞላችሁለትን ሰዓት ይጽፋል፤ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ እንኳ አይናገርም። ኤክዚፍ ለዚህ መጻፊያ ቦታ ያገኘው በ2016 ነው። አንድ ጊዜ ካሜራዬ አንድ ሰዓት ቀድሞ ኖሮ ሳላየው ጉዞ ወጣሁ። ምሳ የበላሁበት ቤት ካርታው ላይ ሐይቅ መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። ለካ ከምሳ አንድ ሰዓት በኋላ ጀልባ ላይ ነበርኩ! አንድ ሰዓት ይቅርና አንድ ደቂቃም ቀላል አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ አንድ ደቂቃ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዞ ስጀምር የመጀመሪያው ፎቶዬ የመቅጃው ስክሪን ነው፤ ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ እንዲታይ አድርጌ። ማታ ፎቶው ላይ የሚታየውን ሰዓት ካሜራው ከጻፈው ጋር አስተያያለሁ። ልዩነቱን ፕሮግራሙ ለሁሉም ፎቶ ያስተካክልልኛል።

ሌላው ችግር ክፍተት ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ምልክታቸው እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። ቦታችሁን ለማወቅ መቅጃው ቢያንስ አራቱን መስማት አለበት። ዋሻ መንገድ ውስጥ አንዱንም አይሰማም። ያኔ ኮዱ ዝም ብሎ ከመግቢያው እስከ መውጫው ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፤ መንገዱ ጠማማ ቢሆንም ግድ የለውም። እኔ ክፍተቱ ከሁለት ደቂቃ ከበለጠ ፎቶውን ያለ ቦታ እተወዋለሁ። ከሚዋሸኝ ባዶ ቢሆን እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ የተመቸው ከ2000 ወዲህ ነው። እስከዚያ ዓመት ሜይ ወር መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ፕሬዝዳንት ክሊንተን ያ እንዲቆም አዘዙ። በ2004 ደግሞ ኦፕንስትሪትማፕ ተጀመረ፤ ሰዎች የራሳቸውን ትራክ እየሰጡ የሠሩት ነፃ ካርታ ነው። ፎቶዎቼን በየቦታቸው የምደረድረው እሱ ላይ ነው። ቪዲዮ ሲሆን አንድ ነጥብ አይበቃም፤ ምስሉ ሲሄድ ካርታው ላይም ነጥቡ አብሮ ይሄዳል። ይቺን ነገር ለሰው ማሳየት ደስ ይለኛል።

ግን ቦታው ለእናንተ እንደሚታያችሁ ለሌላውም ይታያል። በኮምፒውተር ጸረ ቫይረስ የታወቀው ባለሀብት ጆን ማካፊ በ2012 ከማዕከላዊ አሜሪካዊቷ አገር ከቤሊዝ ሸሽቶ ተደብቆ ሳለ አብረውት የነበሩ ጋዜጠኞች ፎቶውን ድረ ገጽ ላይ አወጡ። ቁጥሮቹ ከፎቶው አልተሰረዙም ነበር። ጓቲማላ መሆኑ ወዲያው ታወቀ።

እኔም ትራኬን ለሌላ ሰው ከማሳየቴ በፊት ፕሮግራሙ በሰፈሬ ዙሪያ 500 ሜትር ክብ ሠርቶ እዚያ ውስጥ ያለውን ነጥብ ሁሉ ያጠፋል። የክቡ መሃል ግን ቤቴ አይደለም። ቤቴን መሃል ባደርገው ኖሮ ትራኮቹ የተቆረጡበትን ጠርዝ አይቶ መሃሉን መፈለግ ለማንም ቀላል ነበር።