ማን ቀድሞ ተኮሰ? ስለ ሃን ሶሎ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰዎች ስለ ፊልም ሲጨዋወቱ ስታር ዋርስ ከተነሳ አንዱ ጣልቃ መግባቱ አይቀርም። ፈገግ ብሎ “አሁንም ማን ቀድሞ ተኮሰ እያላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ?” ይላል። ከዚያ ክርክሩ ስለምን እንደሆነ እሱው ያስረዳችኋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስረዳው ተሳስቶ ነው። እኔ እንጀራዬ ፊልም መቁረጥና መቀጠል ነው። ኤዲተር ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያንገበግበኛል። በመሃል ከተቆጣሁ አትፍረዱብኝ።

ለማያውቅ ሰው ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው የጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያ ስታር ዋርስ ፊልም ውስጥ አንድ ጨለምለም ያለ መጠጥ ቤት አለ። ቦታው ታቱዊን የምትባል በረሃማ ፕላኔት ነው። ሃሪሰን ፎርድ የሚጫወተው ሃን ሶሎ ኮንትሮባንዲስት ነው፤ ጃባ የሚባል የወንበዴ አለቃ ዕዳ አለበት። ግሪዶ የተባለ አረንጓዴ ፍጡር ሽጉጥ ደግኖበት ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። በሃን ጭንቅላት ላይ ዋጋ ወጥቷል፣ ግሪዶም የመጣው ለዚያ ነው። ሃን በወሬ ያዘናጋዋል። በጠረጴዛው ሥር ሽጉጡን ቀስ ብሎ ያወጣል። ይተኩሳል፣ ግሪዶ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ሃን ለባለ መጠጥ ቤቱ ሳንቲም ወርውሮ፣ ስላቆሸሸበት ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል።

በ1997 ፊልሙ ሃያኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ተነካክቶ ሲኒማ ቤት ተመለሰ። በዚህኛው ቅጂ ግሪዶ ቀድሞ ይተኩሳል። ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ይስታል! ሃን ከዚያ በኋላ ይመልሳል። ጭቅጭቁ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

“በመጀመሪያው ፊልም ሃን ቀድሞ ነው የተኮሰው”

ይህን የሚሉት ራሳቸው የፊልሙ ደጋፊዎች ናቸው። ቲሸርት ላይ ሳይቀር አትመውታል። ግን በ1977ቱ ፊልም ቀድሞ የሚባል ነገር የለም። ግሪዶ አንድም ጥይት አልተኮሰም። የተኮሰው ሃን ብቻ ነው።

“የተቀየረው ለልጆች እንዲፈቀድ ነው”

አይደለም። የ1977ቱም የ1997ቱም ቅጂ አሜሪካ ውስጥ የተሰጣቸው የዕድሜ ደረጃ አንድ ነው፤ ሁለቱም ፒጂ ናቸው፣ ማለትም ልጆች በወላጅ ምክር ሊያዩት ይችላሉ።

“ያቺን ‘ማክላንኪ’ የጨመረው ዲዝኒ ነው”

በኅዳር 2019 ዲዝኒ ፕላስ የተባለው የኩባንያው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ሲከፈት ትዕይንቱ እንደገና ተቀይሮ ተገኘ። ግሪዶ ከመተኮሱ በፊት “ማክላንኪ” የምትል እንግዳ ቃል ይናገራል። ሰው ሁሉ ዲዝኒን ሰደበ። ለውጡን ግን ያደረገው ሉካስ ራሱ ነበር፤ ያውም ኩባንያውን በ2012 ለዲዝኒ ከመሸጡ በፊት። እስከዚያም ትዕይንቱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ2004ቱ ዲቪዲ ሁለቱ እኩል ሊባል በሚችል ቅጽበት ይተኩሳሉ። በ2011ዱ ብሉ ሬይ ደግሞ ጥቂት ፍሬሞች (ተከታትለው ፊልሙን የሚሠሩት ነጠላ ምስሎች) ተቀንሰዋል። አንድ ሰው አንድን ትዕይንት ይህን ያህል ጊዜ እየተመለሰ ከነካካ ምናልባት እሱም አልተዋጠለትም። ይህ የኔ ጥርጣሬ ነው።

“ሉካስ ድሮም ያሰበው እንደዚህ ነበር”

ይህን ያለው ሉካስ ነው። በ2012 በሰጠው ቃለ መጠይቅ ግሪዶ መጀመሪያም ቀድሞ ይተኩስ እንደነበር ተናገረ። በቅርብ ርቀት በተነሱት ሾቶች (ካሜራው ሳይቋረጥ በቀረጻቸው ምስሎች) ምክንያት ነገሩ ግልጽ ሳይሆን ቀርቶ ሰው ተሳስቷል አለ።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ብልጭታውና ጭሱ ምስሉን ይሸፍነዋል። በተራ ቴሌቪዥን በካሴት ላየው ሰው ማን ምን እንዳደረገ ላይታየው ይችላል። ግን እያንዳንዱን ፍሬም እያቆመ ያየ ሰው ሁለተኛ ተኩስ አያገኝም። ደግሞ ወረቀትም አለ። በካናዳ የኒው ብራንስዊክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ1976 የተጻፈ የፊልሙ ስክሪፕት ተቀምጦ ኖሮ በ2015 ለዜና በቃ። እዚያም ላይ የሚተኩሰው ሃን ብቻ ነው። ፊልሙን ያቀነባበሩት ፖል ኸርሽ፣ ማርሻ ሉካስና ሪቻርድ ቹ ናቸው። በ1978 ለዚሁ ሥራ ኦስካር ወስደዋል። እነዚህ ሰዎች የጀግናቸውን የመጀመሪያ ተኩስ በስህተት አደናግረው አለፉ ብሎ ማመን ለሙያው ስድብ ነው።

“ኧረ አንዲት ሰከንድ ናት! ምን ለውጥ ታመጣለች?”

እንግዲህ እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ።

ይህን ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ፊልም እንዴት እንደሚሠራ አስቦበት አያውቅም። እኛ ጋ አንዲት ሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም ናት። በስድስት ፍሬም ሰው ይጠላል፣ በስድስት ፍሬም ሰው ይወደዳል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪዬ የሠራውን አጭር ፊልም ይዞ መጣ። ወንድምና እህት ይጣላሉ፣ እሷ በጥፊ ትመታዋለች። ፊልሙን ያየ ሁሉ “ምን ዓይነት ክፉ ልጅ ናት” ይላል። ተማሪው ግን ተመልካቹ እንዲያዝንላት ነበር የፈለገው። ወንድምየው ስልኳን ለመንጠቅ እጁን ሲዘረጋ የሚያሳይ ሾት ነበረው፤ ያስገባው ግን ከጥፊው በኋላ ነው። እንዲያስቀድመው ነገርኩት። አዲስ ነገር አልቀረጸም፣ የጨመረው ድምፅም የለም። ፊልሙን ድጋሚ ስናሳይ ሰዉ “ይበለው!” አለ። የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መጠጥ ቤቱ እንመለስ። ተመልካቹ ሃንን ገና መተዋወቁ ነው። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ገንዘብ ይወዳል። ሽማግሌውን ኦቢ ዋንንና ወጣቱን ሉክን ለማጓጓዝ ተደራድሮ አሥራ ሰባት ሺህ ተስማምቷል። የሚሄደው ለገንዘቡ እንጂ ነፃነት ምናምን ገዶት አይደለም። ከዚያ የግሪዶ ትዕይንት ይመጣና ሁለተኛውን ነገር ይነግረናል። ይህ ሰው ሞት ፊቱ ተቀምጦ እያዋራው ቀዝቀዝ ብሎ ያስባል። ጨዋታውን ያራዝማል፣ እጁን ከሥር ይልካል፣ ከዚያ ይጨርሳል። ሲወጣ አይሮጥም፣ አይንቀጠቀጥም።

የፊልሙ መጨረሻ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሃን ልዕልቷን ካተረፉ በኋላ ክፍያውን ተቀብሎ ውጊያው ሳይጀመር ጥሏቸው ይሄዳል። ተመልካቹ ያምነዋል፣ ምክንያቱም መጠጥ ቤቱ ውስጥ አይቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ይሄዳል። ከዚያ ሉክ ሊመታ ሲል ከየት መጣ ሳይባል ሃን ደርሶ ያድነዋል፤ ሲኒማ ቤቱ በጩኸት ይቀልጣል። ጩኸቱ የመጣው ከዚህ ሰው ይህን ስላልጠበቅን ነው። ከመጀመሪያው ተተኩሶበት ብቻ የሚተኩስ ጨዋ ሰው አድርጋችሁ ካሳያችሁኝ መመለሱ ምን ይገርመኛል?

ሉካስ በ2015 ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሃን ኋላ ልዕልቷን ልያን የሚያገባ ሰው ነው፣ እንዴት በቀዝቃዛ ደም የሚገድል ይሆናል ብሏል። ተዋናዩን ጆን ዌይንን ጠቅሶ፣ በድሮ የካውቦይ ፊልሞች ጀግናው ተቃዋሚው ቀድሞ እንዲተኩስ ዕድል ይሰጠዋል አለ። በዚህ ላይ ሌላ ስህተት ተደርቧል። በመጀመሪያው ቅጂ ሃን በቀዝቃዛ ደም የገደለው ማን ነው? ግሪዶ ሽጉጥ ደግኖበታል። እገድልሃለሁ፣ ይህን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ ብሎ በአፉ ነግሮታል። ደረቱ ላይ ሽጉጥ የተደገነበት ሰው ጥይቱ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት የሚል ሕግ የት አገር ነው ያለው? የ1977ቱም ትዕይንት ራስን መከላከል ነበር። የሚለየው ሃን ብልጥ መሆኑ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው ጉዳት ደግሞ የግሪዶ ነው። ትዕይንቱን የያዘው ፍርሃት ነው፤ ያ የተደገነ ሽጉጥ ይገድላል ብለን ነው የምንፈራው። ከጠረጴዛ ማዶ ተኩሶ የሚስት ቅጥረኛ ገዳይ ግን አያስፈራም፤ ያስቃል። ሃንም የተረፈው በብልጠቱ መሆኑ ቀርቶ በሌላው አለመቻል ሆነ። ጀግናውን ጨዋ ለማድረግ ሲባል ጀግንነቱ ተወሰደበት። ይህ ሁሉ ከአንዲት ሰከንድ በታች ነው።

“ደጋፊዎች ማንኛውንም ለውጥ ይጠላሉ”

ውሸት። ፊልሙ ከ1997 በፊትም ተነክቷል። “ክፍል 4፣ አዲስ ተስፋ” የሚለው ጽሑፍ በ1977 አልነበረም፤ በ1981 ፊልሙ እንደገና ሲታይ የተጨመረ ነው። በ1977ም ቢሆን ሲኒማ ቤቶች የደረሱት የድምፅ ቅንብሮች እርስ በርስ ይለያዩ ነበር። ማንም በዚህ ሰልፍ አልወጣም። በ1997ም የታደሱት የጠፈር ውጊያ ምስሎች ብዙ ሰው አላስከፉም።

ያስከፋው አሮጌው ቅጂ ከገበያ መነሳቱ ነው። በአጠገቡ ያለውን ምሳሌ እዩ። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ በ2002 ኢ.ቲ. የተባለ ፊልሙን ሲያድስ ልጆቹን የሚያሳድዱት ሰዎች የያዙትን ጠመንጃ በኮምፒውተር አጥፍቶ ሬዲዮ አስያዛቸው። ሰው ሳቀበት። ግን በዚያው ዓመት በወጣው ዲቪዲ የ1982ቱም ፊልም አብሮ ነበር። በኋላም ስፒልበርግ ማድረግ አልነበረብኝም አለና በ2012ቱ ብሉ ሬይ የወጣው የድሮው ብቻ ሆነ። ጠቡ አለቀ። ስታር ዋርስ ላይ ግን አዲሱ ቅጂ አሮጌውን ተካው። የ1977ቱ ቅጂ በ2006 ከዲቪዲ ጋር እንደ ምርቃት ወጥቶ ነበር፤ ምስሉ ግን በ1993 ለሌዘር ዲስክ (ከዲቪዲ በፊት ለነበረው ትልቅ የፊልም ዲስክ) ከተዘጋጀው ዋና ቅጂ የተቀዳ ነው። ለአዲሱ ያ ሁሉ ጥራት፣ ለአሮጌው ትርፍራፊ።

“ፊልሙ የሱ ነው፣ የፈለገውን ያድርግ”

በሕግ አዎ። የሚገርመው ግን በ1988 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቀርቦ የመሰከረው ይኸው ሉካስ ነው። በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን ቀለም መቀባት ተጀምሮ ነበር። ለትርፍ ሲሉ ወይም ሥልጣኑ ስላላቸው ብቻ የጥበብ ሥራን የሚቀይሩ ሰዎች አረመኔዎች ናቸው አለ። ወደፊት የድሮ ኔጌቲቮች (ቅጂዎች ሁሉ የሚወጡባቸው ዋና ፊልሞች) ጠፍተው በተቀየሩ እንደሚተኩም አስጠነቀቀ። ተከላካዮቹ “እሱ የተቃወመው ባለቤቶች የሌላን ሰው ሥራ ሲነኩ ነው እንጂ ፈጣሪው የራሱን ሲያርም አይደለም” ይላሉ። እሺ፣ ይህ ክርክር ክብደት አለው። ግን ስለ ኔጌቲቩ የተናገረው ለማንም ባለቤት አይለወጥም። ደግሞም ያን ትዕይንት የሠራው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሦስቱን ኤዲተሮች አትርሱብኝ።

“ሃሪሰን ፎርድ ከደጋፊዎች ጎን ነው”

በ2014 ሲጠየቅ አላውቅም፣ ግድም የለኝም ብሏል። ሉካስ ግን በ2007 “ሃን ቀድሞ ተኮሰ” የሚል ቲሸርት ለብሶ ፎቶ ተነስቷል። ቢያንስ ቀልድ ያውቃል።

“የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል”

አልጠፋም። በሰኔ 2025 ለንደን ውስጥ የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ከ1977 የቀረ የፊልም ቅጂ በአደባባይ አሳይቷል። ደጋፊዎችም ከአሮጌ ፊልሞች እየቀዱ ለዓመታት ሲጠግኑት ኖረዋል።

ቤታችሁ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እኔን አትጠይቁኝ፤ ቀላል ነው። መጀመሪያ ላይ ወደ ላይ የሚሄደውን ጽሑፍ እዩ። አናቱ ላይ “ክፍል 4” ካለ ከ1981 ወዲህ የተሠራ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤቱ እለፉ። ግሪዶ “ማክላንኪ” ካለ የ2019 ነው። ሳይናገር ከተኮሰ ከ1997 እስከ 2011 ካሉት አንዱ ነው። ጨርሶ ካልተኮሰ ዕድለኛ ናችሁ። ያገለገለ ዲቪዲ የምትገዙ ከሆነ የ2006ቱን ባለ ሁለት ዲስክ ፈልጉ፤ የድሮው ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ ስትከፍቱት ምስሉ በአራቱም በኩል በጥቁር ተከቦ ትንሽ ሆኖ ይመጣል። ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም፤ ከሪሞቱ ላይ ዙም አድርጉት።