በሀዋሳ መድረክ የምትዘፍን ተዋናይት፦ የአንድ ሙያ ዳሰሳ

ሀዋሳ ውስጥ የምትዘፍንም የምትተውንም ሴት ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ በዚህ ሥራ ብቻ የምትተዳደር ማግኘት ነው። አንዷ ቀን ቢሮ ትውላለች፣ ማታ ልምምድ ትገባለች። ሌላዋ በባህል ቡድን ውስጥ በድምፃዊነት ተቀጥራ፣ ድራማ ሲመጣ ገጸ ባሕርይ ይሰጣታል። ሦስተኛዋ ቅዳሜና እሑድ ሆቴል ትዘፍናለች፤ ቴአትሩን የምትሠራው ስለምትወደው ነው። ሙያው አለ፤ የሌለው የሥራ መደቡ ነው።

ሙያው በዕድሜ ከከተማዋ ይበልጣል። ሀዋሳ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን በሚያስተዳድሩበት ዘመን ነው። ያኔ አዲስ አበባ ሀገር ፍቅር ቴአትር ነበራት፤ መነሻው በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ሥራ ላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው። ይህን የሰበረችው አስናቀች ወርቁ ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ወጣች፤ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የመድረክ ተዋናይት እየተባለች የምትጠራውም ለዚህ ነው።

አስናቀች ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። የዚህ ሙያ መልክ ከሞላ ጎደል እሷ ላይ አለ። ክራር ትደረድራለች፣ ትዘፍናለች፣ ትተውናለች። ሰው ግን እኩል አላስታወሳትም። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ በብዙዎች አፍ የነበረው ክራሯና ድምፏ ነው፤ በውጭ አገር የታተመው የኢትዮጲክስ ተከታታይ 16ኛ አልበምም የእሷ የክራር ዘፈኖች ነው። ትወናዋ በዓይናቸው ካዩት ጋር አብሮ አረጀ። ዘፈን ይቀረፃል፤ ቴአትር ደግሞ መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል። የሁለቱ ልዩነት እስከ ዛሬ የሀዋሳዋን ልጅ ኪስ ይወስናል።

አሰለፈች አሽኔና ጌጤነሽ ክብረትም ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱ የሀገር ፍቅር ልጆች ዛሬ የሚታወቁት በጋራ በተጫወቷቸው ዘፈኖች ነው። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ደግሞ በሌላ በር ወጣች። ከተዋናይትነቷ ጎን የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ሆነች፤ የስንት ድምፃውያን ዘፈን ከእሷ እጅ ወጣ። ለሙያው ሰው ይህ ትልቅ መንገድ ነው። ድምፅ ይደክማል፣ የወጣት ገጸ ባሕርይም ያልፋል፤ ብዕር ግን ዕድሜ አይጠይቅም።

የኪነት ዘመን

ወደ ክፍለ ሀገር ሙያውን ያወረደው ኪነት ነው። በደርግ ዘመን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ወሎ ላሊበላ ኪነትን አፈራ፤ ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከዚያ ነው። ጎንደር ፋሲለደስ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ ነበራቸው። ሲዳሞም የራሱ ነበረው፤ ሀዋሳ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ስለነበረች እንቅስቃሴው እዚህ ነበር።

ኪነት መድረኩን ለፖለቲካ ቅስቀሳ ተጠቅሞበታል፤ ይህ አይካድም። መፈክር የሚመስሉ ዘፈኖች፣ መጨረሻቸው ከመጀመሪያው የሚታወቅ ድራማዎች ሞልተው ነበር። ነገር ግን አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ መዝፈን፣ መወዛወዝና መተወን የምትማርበት ሌላ ቦታ አልነበረም። በአንድ ፕሮግራም ላይ መጀመሪያ በአጃቢነት ትዘፍናለች፣ ሮጣ ልብስ ትቀይራለች፣ በአጭር ድራማ እናት ሆና ትመጣለች፣ መዝጊያው ላይ ደግሞ ትወዛወዛለች። ሁሉን ነገር አንድ ሰው የሚሠራበት ይህ ልማድ ከኪነት በኋላም አልጠፋም። በኔ ግምት የሀዋሳ ተዋናይቶች አዲስ አበባ ሲሄዱ ቶሎ የሚላመዱት በዚህ የተነሳ ነው፤ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አይሉም።

ከደርግ በኋላ ሀዋሳ ከ50 በላይ ብሔረሰቦችን ያቀፈው የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች። መድረኩም በዚያው ልክ ተለወጠ። የቢሮ በዓል፣ የክልል ጉባኤ፣ ኅዳር 29 የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ሁሉም ሙዚቃና አጭር ድራማ ይፈልጋል። በ1990ዎቹ ደግሞ ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምሩ ድራማዎች በረከቱ። በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ነበር። ያ ዘመን ለብዙ ልጆች የመጀመሪያ መድረካቸው ሆኗል፤ ድራማው መሃል ላይ አሳዛኝ ዘፈን የማይቀር ነበርና፣ ድምፅ ያላት ልጅ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ታገኝ ነበር።

መነሻው የት ነው

አሁንም ቢሆን አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከሁለት ቦታ ነው፦ ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና ከቤተ ክርስቲያን። ሀዋሳ የገብርኤል ከተማ ናት፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መንገዱ በምእመን ይሞላል። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም ብዙ ናቸው፤ ኳየራቸው የድምፅ ትምህርት ቤት ነው ብል አላጋነንኩም። ልጅቷ በሦስትና በአራት ድምፅ መዘመር፣ ማይክ መያዝ፣ ሕዝብ ፊት አለመንቀጥቀጥ እዚያ ትማራለች።

ችግሩ ከዚያ ስትወጣ ነው። ከመዝሙር ወደ ዓለማዊ ዘፈን መሻገር በቤተሰብ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም አለ። እናትየዋ ዝም ብትል እንኳ አክስት አትተውም። ስለዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያ ተዋናይት ነን ይላሉ። ትወና በቤተሰብ ፊት ከዘፈን የተሻለ ክብር አለው፤ ትምህርት ይመስላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ይሰጣል፤ በዲግሪ የሚገኝ ሙያ መሆኑ ወላጅን ያረጋጋል። የሚገርመው ገንዘቡ በተቃራኒው መሄዱ ነው። የተከበረው ትወና አይከፈለውም፣ የተናቀው ዘፈን የቤት ኪራይ ይከፍላል። ጥር ላይ የሰርግ ወቅት ሲሆን ድምፃዊት እረፍት የላትም። ሆቴል ስትዘፍን ከደሞዟ በላይ ሽልማት የምታገኝበት ምሽት አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ዘፈኑ ይቀዘቅዛል። ቴአትር ለመለማመድ ጊዜ የሚገኘውም ያኔ ነው።

ቋንቋ

ሀዋሳን ከሌላው ከተማ የሚለያት ይህ ነው። የከተማው የጋራ መግባቢያ አማርኛ ነው፤ አካባቢው የሲዳማ ነው፤ ጎረቤት ወላይታ፣ ጉራጌ፣ ኦሮሞ አለ። በአማርኛ ብቻ የምትጫወት ተዋናይት ግማሽ ገበያዋን ትታለች ማለት ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሲዳምኛ የመድረክም የሚዲያም ቋንቋ ሆኖ ጠንክሯል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ላይ ሲከበር የሚሰማው የቄጣላ ጭፈራና የወጣቶቹ ጨዋታ ፋሮ ለመድረክ ሥራ የማያልቅ ምንጭ ነው።

ቄጣላ በዋነኛነት የወንዶች ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እግር አብሮ ይረግጣል። ይህን ወደ አዳራሽ ሲያመጡት ጥያቄ ይነሳል፦ ሴቷ ድምፃዊት የት ትቁም? አንዳንድ አዘጋጅ ዳር አስቁሞ እልል ያስብላታል። ይሄ ስንፍና ነው። ተቀባዩን ሕዝብ ወንዶቹ ይሁኑ፣ ታሪኩን የምትተርከው እሷ ትሁን ቢባል ያው ዜማ ድራማ ይሆናል። በመድረክ ላይ ዘፈን ታሪኩን ወደፊት ካልገፋው ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል። ልምድ ያላት ተዋናይት ይህን ታውቃለች፤ ከዘፈኑ በፊት ያለውን የመጨረሻ ቃለ ተውኔት ዝግ ታደርገዋለች፣ ክራሩ ከሥር ይገባል፣ ንግግሩ መቼ ዜማ እንደሆነ ሳይታወቅ የትዝታ ቅኝት ውስጥ ትገኛለች።

አዳራሹ ግን አያግዛትም። እንደ ሲዳማ ባህል አዳራሽ ያሉት ሰፋፊ ቤቶች ለስብሰባም ለምርቃትም ያገለግላሉ። ድምፁ ያስተጋባል። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ከሌለ በአንድ እጇ ማይክ ይዛ በሌላው ልጅ ታቅፋለች። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ፕሌይባክ የሚመረጠው፤ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ላይ ከንፈር ማንቀሳቀስ። እኔ አልወደውም፤ ሳግ ሲይዛት ድምፁ አይቆራረጥም፣ ያኔ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ግን በዚያ ድምፅ ማጉያ በቀጥታ ዝፈኚ ማለትም ግፍ ነው።

ዛሬ

በ2015 ዓ.ም. የቀድሞው ደቡብ ክልል ሲያከትም ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። ሀዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆና ቀጠለች። የብዙ ብሔረሰብ ዘፈን የምታውቅ ድምፃዊት እዚያው ከተማ ቁጭ ብላ ታገኘው የነበረው ጥሪ አሁን መንገድ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ናት። የሚሄዱ ይሄዳሉ፤ አብዛኞቹ ቴሌቪዥን ድራማ ላይ ነው የሚታዩት እንጂ መድረክ ላይ አይደለም። ከአዲስ አበባ ቴአትር ይዘው የሚመጡ ቡድኖች ሀዋሳ ላይ አዳራሽ ይሞላሉ፤ ሕዝቡ የሚመጣው በቴሌቪዥን ያየውን ፊት ሊያይ ነው። የከተማዋ ልጅ የራሷን ቴአትር ስታወጣ ግን ትኬቱን የሚገዛው ዘመድና ጓደኛ ነው። ቋሚ የቴአትር ቀን ቢኖር፣ ሁልጊዜ በሳምንቱ አንድ ቀን፣ ይሄ ይለወጥ ነበር። ብሔራዊና ሀገር ፍቅር ተመልካች ያፈሩት እንዲህ ነው።

የአሁኖቹ ጀማሪዎች መድረኩን አይጠብቁም። በሲዳምኛም በአማርኛም ክሊፕ ይሠራሉ፣ ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ፣ ክሊፑ ውስጥ ደግሞ ይተውናሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ሰጥቷል፤ አንዲት ድምፃዊት በመድረክ ስትጫወት ያለ ፈቃዷ ቀርጾ መሸጥ አይቻልም። ሆኖም በሀዋሳ ሥራው የሚጀመረው በስልክና በትውውቅ ነው፤ ውል የሚጻፈው ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ፣ ማን ምን ያህል ይወስዳል የሚለው ጭቅጭቅ ሲነሳ ነው።