ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ፦ «ፈጣሪ አለ ወይ?» በዋሻ ውስጥ

በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ «ፈጣሪ አለ ወይ?» ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ድርሰት ብዙ አይገኝም። የጎንደር ዘመን ሊቃውንት ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ ተባብለው ጎራ ሲለዩ የተሟገቱት ስለ ክርስቶስ ነው፤ እግዚአብሔር መኖሩማ ለሙግት የሚቀርብ ነገር አልነበረም። ዳዊቱም «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ብሎ ያልፈዋል። ጥያቄውን ከሥሩ የሚጀምረው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባለው አጭር ድርሰት ነው። ድርሰቱ የማን እንደሆነ ራሱን የቻለ ክርክር ስላለበት ያን ለኋላ እናቆየውና አስቀድመን የሚለውን እንስማ።

ራሱን ዘርዓ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራው ተራኪ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ እንደተወለደ ይናገራል። ድምፁ ጎርናና ስለነበር ዜማው አልሆነለትም፤ ወደ ቅኔ ዞረ፣ ቀጥሎም የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ፣ በመጨረሻም አክሱም ተመልሶ ማስተማር ጀመረ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉበት፣ አገሩም በሃይማኖት የታመሰበት ዘመን ነበር። መምህሩ መጻሕፍትን ሲተረጉም «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጾች ደግሞ እንዲህ ይላሉ» እያለ ለሁለቱም ወገን ሳያደላ ስለሚያልፍ ሁለቱም ወገን ጠመዱት። ለንጉሡ ሲከሰስ ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ጠፋ። ተከዜ አካባቢ ካለ ገደል ሥር ዋሻ አገኘ፤ አውሬ እንዳይገባበት ደጁን አጥሮ ተቀመጠ። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 እስኪሞቱ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆየ።

ክርክሩ የሚወለደው እዚህ ነው። መምህሩ በዋሻው ዳዊት እየደገመ ይጸልያል፤ አንድ ቀን ግን የሚሰማኝ አለ ወይስ ለባዶ ነው የምጮኸው የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ሲተራረዱ ያየ ሰው ነውና ጥርጣሬው ከመጽሐፍ የተቀዳ አይመስልም። ልቡ አዝኖ ሳለ ከዚያው ከዳዊት «ጆሮን የተከለው አይሰማምን?» የሚለው ቃል ትዝ ይለዋል። ከጥቅሱ ተነሥቶም ጥያቄ መደርደር ይጀምራል። የምሰማበትን ጆሮ ማን ሰጠኝ? አስተዋይ አድርጎ የፈጠረኝ ማን ነው? ራሴን ፈጠርሁ እንዳይል፣ ሲፈጠር አልነበረም። አባትና እናቴ ፈጠሩኝ ቢል የእነርሱን ወላጆች፣ የወላጆቻቸውንም ወላጆች መፈለግ ሊኖርበት ነው። እንዲህ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ወላጅ የሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ላይ ይደርሳል፤ እነርሱን ያለ ምንም ያስገኘው ደግሞ ራሱ ያልተፈጠረ፣ ለዘላለም የሚኖር መሆን አለበት ይላል። የማስተዋልን ነገር ይጨምርበታል፦ ለእኛ ልቡና የሰጠን እርሱ ልቡና የሌለው ሊሆን አይችልም።

ይህ መንገድ በዓለም የታወቀ የቆየ መንገድ ነው። በቁርኣን አጥ-ጡር በተባለው ምዕራፍ፣ ሰዎች ያለ ፈጣሪ ተፈጠሩን ወይስ ራሳቸው ፈጣሪዎች ናቸውን የሚል ጥያቄ አለ። አል-ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 የሞተው) ጅማሬ ያለው ነገር ሁሉ አስጀማሪ አለው፣ ዓለምም ጅማሬ አለው ብሎ ሙግቱን አሳጠረው። ከእሱ በፊት የነበረው ፈላስፋው ኢብን ሲና ግን ጅማሬ ላይ አልተጣበቀም። ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር ሁሉ፣ ሰንሰለቱ ማለቂያ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ መኖሩ የግድ በሆነ አንድ ነገር ላይ ካልተደገፈ ሊቆም አይችልም ነው የሚለው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም ደግሞ ዓለምን ጭራሽ ሳያይ «ከእርሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል» ከሚለው ሐሳብ ብቻ ተነሥቶ መኖሩን ለማሳየት ሞከረ። ይህን የመጨረሻውን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ለእኔም ሁልጊዜ ቃላት ማሽከርከር ይመስለኛል።

የሐተታው ደካማ ጎን የወላጆች መሰላል ነው። የሚገርመው፣ በዚህ ነጥብ ከሁሉ በፊት የማይስማማው ሰው አማኝ መሆኑ ነው። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኳይናስ ሰው ከሰው እየተወለደ ያለ ጅማሬ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም ብሎ በአእምሮ ብቻ ማረጋገጥ እንደማይቻል ጽፏል፤ ዓለም ጅማሬ እንዳለው የሚያውቀው በእምነት ነው። ስለዚህ የእርሱ ሙግት አሁን በሚሠራ ሰንሰለት ላይ ይቆማል፦ ድንጋዩን በትር ይገፋዋል፣ በትሩን እጅ ይገፋዋል፤ እጁ ካልተንቀሳቀሰ በትሩ ምንም ቢረዝም ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። ከማያምኑት ወገን እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ከኢየሱሳዊው ካህን ከኮፕልስተን ጋር ሲከራከር፣ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው ማለት የሰው ዘር በጠቅላላው እናት አለው ማለት አይደለም የሚል መልስ ሰጥቷል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ካሳተመው መጽሐፍ በኋላ ደግሞ የአያት ቅድመ አያት መሰላል ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሳይሆን ወደ ሌሎች ፍጥረታት የሚወርድ ሆኗል። በአገራችን ልጅ ሁሉ «እሺ እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?» ብሎ ጠይቆ «ዝም በል፣ ይህ አይጠየቅም» ተብሏል። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም፤ ሐተታው ራሱ ከዚህ የሚያመልጠው «ያልተፈጠረ» በሚለው አንድ ቃል ነው።

ጠንካራው ጎኑ ሌላ ቦታ ነው። ፈጣሪ አለ ማለትና ሰዎች ስለ ፈጣሪ የሚናገሩት እውነት ነው ማለት ለዘርዓ ያዕቆብ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ከያዘ በኋላ «ሰው ሁሉ ሐሰተኛ ነው» የሚለውን የዳዊት ቃል መዝኖ ሁለተኛውን በልቡና ብርሃን ይመረምራል። ምንኩስናን፣ የጾምን ሥርዓት፣ የሙሴን ሕግ፣ ብዙ ሚስት ማግባትንና የባሪያ ንግድን አንድ በአንድ እያነሣ ይተቻል፤ ማንም ሃይማኖት አያመልጠውም። ክፉዎች ሲሾሙ ደጎች ሲገፉ ማየቱንም የፈጣሪ አለመኖር ማስረጃ አያደርገውም፤ ይልቅ እዚህ ያልተፈጸመ ፍርድ ከሞት በኋላ መፈጸም አለበት ወደሚል ይወስደዋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የፈጣሪን መኖር በአእምሮ ማስረጃ ማረጋገጥ አይቻልም ካለ በኋላ በግብረ ገብ በር መልሶ ያስገባው በተመሳሳይ ሐሳብ ነው።

በአማርኛ «አምላክ የለም» የሚለው ሙግት በአደባባይ ጎልቶ የተሰማው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። የደርግ ዘመን የውይይት ክበብ የደረሰበት ሰው «ቁስ አካል ይቀድማል ወይስ ሐሳብ?» የሚለውን ጥያቄ አይረሳውም። መልሱ ቀድሞ የታወቀ ስለነበር ክርክር ማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ደራሲው ጉዳይ። ድርሰቱ ለአውሮፓ የተዋወቀው በጌምድር ውስጥ በነበረው ካፑቺን በተባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚሲዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። ጁስቶ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ ላከለት፤ ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዳባዲ ስብስብ ውስጥ 215 እና 234 በሚል ቁጥር ተቀምጠዋል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ጽሑፉን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመ። በ1920 ግን ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው አለ። ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን የሰጡትን ምስክርነት ጠቀሰ፤ የሚሲዮናዊው የልደት ስም ያኮፖ፣ ማለት ያዕቆብ፣ መሆኑም ጥርጣሬውን አባባሰው። ጀርመናዊው ሊቅ ሚትቮክ በ1934 ደገፈው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መምህር ክላውድ ሰምነር ጽሑፉን ከጁስቶ ሌሎች ጽሑፎች ጋር እያስተያየ ለኢትዮጵያዊው ደራሲ ተሟገተ። ከተጠራጣሪዎቹ ወገን የነበሩት ጌታቸው ኃይሌም በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናኢስ ቪዮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመችው ጥናት የኮንቲ ሮሲኒን ወገን አጠናከረች። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም።

ተጠራጣሪዎች የሚወዱት አንድ ነጥብ አለ፦ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ደካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው ሦስተኛ ማሰላሰያው፣ ህልውናዬን ያገኘሁት ከራሴ ነው ከወላጆቼ ወይስ ከሌላ ብሎ በዚያው ቅደም ተከተል ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጸሐፊው አውሮፓዊ ትምህርት የቀመሰ መሆን አለበት ይላሉ። ለእኔ ይህ ብዙ አያስኬድም። በግእዙ ዳዊት መዝሙር 99 ላይ «እርሱ ፈጠረን እንጂ እኛ ራሳችንን አይደለም» የሚል ቃል አለ። በዋሻ ሆኖ ሌት ተቀን ዳዊት የሚደግም የአክሱም መምህር «ራሴን አልፈጠርሁም» ለማለት ደካርት አያስፈልገውም። ችግሩ የላቲኑም ዳዊት እዚያው መዝሙር ላይ ያንኑ ቃል ይላል፤ ጁስቶም እንደ ማንኛውም የካፑቺን ካህን ዳዊቱን የሚደግም ሰው ነበር።