የትልልቅ ወጥ ቤቶች የእንፋሎት ማብሰያ፦ የኤሌክትሪክ ብልሽቱና አፈላለጉ

የእንፋሎት ማብሰያ፣ ወይም ብዙዎች እንደሚጠሩት ስቲመር፣ በሆቴሎች፣ በሆስፒታሎችና በዩኒቨርሲቲ ወጥ ቤቶች ሩዝ፣ ድንች፣ አትክልትና ዓሣ በብዛት የሚያበስል መሣሪያ ነው። ቦይለሩ (የውሃ ማፍያው ጋን) ውስጥ ያለውን ውሃ ኤለመንት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚግለው ብረት፣ ያፈላዋል፤ እንፋሎቱም ወደ ማብሰያው ክፍል ይገባል። ይህ ዳሰሳ በኤሌክትሪክ የሚሠራውንና ያለ ግፊት የሚያበስለውን ዓይነት ይመለከታል።

በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በእንፋሎት ማብሰልን ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ ያሳየ ሲሆን፣ እንፋሎትንና ደረቅ ሙቀትን ያጣመረውን ማብሰያ የጀርመኑ ራሺዮናል ኩባንያ በ1976 ለገበያ አቅርቧል።

በኢትዮጵያ የሦስት ፌዝ መስመር (ኃይል በሦስት ሽቦ የሚመጣበት) በፌዞች መካከል 380 ቮልት፣ በፌዝና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል 220 ቮልት ይሰጣል፤ ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ነው። 9 ኪሎዋት የሚወስድ ማብሰያ በእያንዳንዱ ፌዝ 13.7 አምፔር ገደማ ይስባል። ባለ 3 ኪሎዋት የ220 ቮልት ኤለመንት በማልቲሜትር ሲለካ 16 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ የያዘ ባለሙያ ግማሹን ፍለጋ ጨርሷል ማለት ይቻላል። «ይሠራል፤ ግን ይዘገያል» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጠፋ ፌዝ ነው። ኤለመንቶቹ በዴልታ (እያንዳንዱ በሁለት ፌዞች መካከል) ከተያያዙ፣ ወይም በስታር (የሁሉም አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ) ተያይዘው ኒውትራል ከሌላቸው፣ አንድ ፌዝ ሲጠፋ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኒውትራል ካለ ሁለት ሦስተኛው ይቀራል። የመቆጣጠሪያው መስመር ከጠፋው ፌዝ ጋር ካልተያያዘ መብራቶቹ እንደበሩ ስለሚቆዩ አብሳዩ የሚያየው ምልክት የለም። ቮልቴጁ ከብሬከሩ መግቢያ ተጀምሮ እስከ ኮንታክተሩ (ኤለመንቱን የሚያበራና የሚያጠፋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) መውጫ ደረጃ በደረጃ ይለካል፤ በኮንታክተሩ መግቢያ ላይ ሦስቱም ፌዝ ኖሮ መውጫው ላይ አንዱ ከጎደለ የኮንታክተሩ መገናኛ ተቃጥሏል።

ከአሜሪካ የመጡ ማሽኖች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ባለ 208 ቮልት ኤለመንት በ220 ቮልት ሲሠራ 12 በመቶ ገደማ ትርፍ ኃይል ያወጣል፤ ይህን ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ለ120 ቮልት የተጠመጠመ የኮንታክተር ጥቅል ግን 220 ቮልት ካገኘ ወዲያው ይቃጠላል።

የአዲስ አበባ ከፍታም በብልሽት ስም ይከሰሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ያለ ግፊት የሚሠራ ማብሰያም ከዚህ የበለጠ የሞቀ እርጥብ እንፋሎት አይሰጥም። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ መቆጣጠሪያ 98 ዲግሪን ሲጠብቅ ሰዓት ቆጣሪውን ሳያስጀምር ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው መቆጣጠሪያውን ለከፍታው ማስተካከል ነው፤ ጤነኛ ኤለመንት አውጥቶ መጣል ብክነት ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው የውሃ መጠን መለኪያ ዘንግ ነው። በዘንጉ ላይ አነስተኛ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ይለቀቃል፤ ውሃው ዘንጉን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል ወደ ቦይለሩ አካል ያልፋል፤ መቆጣጠሪያውም «ውሃ አለ» ብሎ ኤለመንቱን ያስነሣል። ዘንጉ በነጭ የኖራ ቅርፊት ከተሸፈነ ቦይለሩ ሞልቶ ሳለ ማሽኑ ውሃ እንደሌለ ይቆጥራል፤ መሙላቱን አያቆምም፣ አያሞቅምም። የከፋው ተቃራኒው ነው፤ እርጥብ ቅርፊት ዘንጉን ከቦይለሩ ግድግዳ ጋር ሲያገናኝ ውሃ ሳይኖር አለ ይባላል፣ ኤለመንቱም ደርቆ ይነድዳል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ እጅግ የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ በበቂ ሁኔታ ስለማያስተላልፍ ንጹሕ ዘንግ እንኳ አያየውም። ውድ ማጣሪያ ከተገጠመ በኋላ የጀመረ ብልሽት ሲያጋጥም ይህ መታሰብ አለበት። ለመለየት የኤለመንቱ ኃይል ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ የዘንጉ ሽቦ ይነቀልና ከቦይለሩ አካል ጋር ይገናኛል፤ መቆጣጠሪያው ውሃ እንዳለ ከተቀበለ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ደህና ነው፣ ጥፋቱ በዘንጉ ወይም በውሃው ላይ ነው። ድሬዳዋን በመሰለ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ካልሲየም በበዛበት ከተማ፣ ዘንጉን መፈተሽ ከማንኛውም ምርመራ መቅደም ይኖርበታል።

ሙቀት ሲበዛ ኃይል የሚያቋርጠው የሙቀት መከላከያ ማብሪያ ከዘለለ አንድ ጊዜ በእጅ ይመለሳል። ዳግመኛ ከዘለለ ቅርፊት ወይም የውሃ እጥረት አለ ማለት ነው። ይህን መከላከያ በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ወንጀል ነው ቢባል አልተጋነነም።

ጠዋት ሲበራ የመሬት ፍሳሽ መከላከያው (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ኃይል የሚያቋርጠው) የሚዘልል ከሆነ፣ በተለይ ማታ ወጥ ቤቱ በጎማ ከታጠበ፣ እርጥበት ይጠረጠራል። በኤለመንቱ ውስጥ ያለው የማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት እርጥበት ይስባል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ማሽንም እንዲሁ ይሆናል። የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ተነቅሎ ኤለመንቱ በ500 ቮልት ሜገር (የመከለያ መለኪያ) ሲለካ ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ ለጊዜው ወደ ሥራ አይመለስም። አውጥቶ በምድጃ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። አንዳንዶች የደረቀ ኤለመንት ዕድሜ የለውም ይላሉ፤ መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ማሽኖችን በሥራ ላይ ያቆዩት የጥገና ክፍል ባለሙያዎቻችን ግን በትክክል ያደርቁታል፣ ይለኩታል፣ መልሰው ይገጥሙታል።

በሩ መዘጋቱን የሚያረጋግጠው ማብሪያ ማግኔት ሲላቀቅ ማሽኑ አይነሣም፤ ማስተካከሉ ቀላል ነው።

ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ሲትሪክ አሲድና ኮምጣጤ ሁለቱም ይሠራሉ። የትኛው ለብረቱ እንደሚሻል አስተያየቶች የተለያዩ ናቸው፣ ምናልባትም እንደ ቦይለሩ ብረት ይለያያል። በረኪና ግን የማይዝገውን ብረት ስለሚበላ ወደ ቦይለሩ መግባት የለበትም። ከጽዳቱ በኋላ ቦይለሩ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ዘንጉም ወጥቶ ለብቻው ይወለወላል።