«ሐበሾችን እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው»

ይህን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የሃይማኖት መሪዎች አንድ መድረክ ላይ ሲገናኙ አንዱ መጥቀሱ አይቀርም። ከነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈ ሐዲሥ (የነብዩ ንግግር) ተብሎ ነው የሚነገረው። መልእክቱ ቀላል ነው፤ ካልመጡባችሁ አትሂዱባቸው ማለት ነው።

ከየት መጣ ሲባል ወሬው ሁሌም ከያኔው የሐበሻ ንጉሥ ከነጃሺ ይጀምራል። በ615 አካባቢ መካ ውስጥ አዲሱን እምነት የተቀበሉ ሰዎች ፍዳቸውን ያዩ ነበር። ነብዩ «ሐበሻ ምድር ብትሄዱ፣ እሱ ዘንድ ማንም የማይበደል ንጉሥ አለ» አሏቸው። መጀመሪያ ጥቂቶች ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። የነብዩ ልጅ ሩቅያና ባሏ ዑስማን ኢብን ዐፋን አብረው ነበሩ። በኋላ ከ80 በላይ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆችም ጭምር ሄዱ።

የመካ ገዢ ጎሳ የነበሩት ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብን አል-ዓስን ከአንድ ባልደረባው ጋር የለፋ ቆዳ አሸክመው ላኩት። የመካ ቆዳ ሐበሻ ውስጥ ይወደድ ነበርና። ዐምር መቼም ብልጥ ነው። ንጉሡ ዘንድ ከመግባቱ በፊት ሹማምንቱን አንድ በአንድ በእጅ መንሻ ያዛቸው። ንጉሡ ግን «ሰዎቹን ሳልሰማማ አሳልፌ አልሰጥም» አሉ። ከስደተኞቹ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ቆሞ ተናገረ፤ ከቁርኣንም የመርየምን ምዕራፍ (ሱረቱል መርየም) ቀራ። ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ይህን የምትነግረን ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰለማ ናት። ቆዳውም ወደ ላኪዎቹ ተመለሰ።

እንግዲህ አባባሉ የዚህ ውለታ ምላሽ ነው ይባላል። ነጃሺ በ630 ሲያርፉ ነብዩ መዲና ሆነው የጀናዛ (የቀብር) ሶላት ሰግደውላቸዋል። ስለዚህ ነገሩ ያስኬዳል።

ችግሩ ሐዲሡ ሲጠቀስ ግማሹ መቅረቱ ነው። ሐዲሥ ሰብሳቢው አቡ ዳውድ ከመዘገቧቸው በአንዱ ከሐበሾች ጎን ቱርኮችም አሉ፤ እነሱንም እስካልነኳችሁ ተዋቸው ይላል። ቱርኮች ደግሞ የመካን ስደተኞች አላስጠለሉም! በሌላው ዘገባ ምክንያቱ ራሱ ተቀምጧል፤ የካዕባን ሀብት የሚያወጣው ባተ ቀጭን ሐበሻ ነው ይላል። ይሄኛውን መድረክ ላይ የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። ለእኔ አባባሉ ውስጥ ከውለታው ይልቅ ጥንቃቄው ይጎላል።

«እስካልነኳችሁ» የሚለው ቃል ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በ702 ከሐበሻ በኩል የመጡ የባሕር ዘራፊዎች ጅዳን መቱ። ሙስሊሞቹም ቀይ ባሕር ላይ ያሉትን የዳህላክ ደሴቶች ያዙ፤ ወደ ደጋው ግን አልዘለቁም። የሕግ ሊቁ ኢብን ሩሽድ እንደጻፈው፣ የማሊኪ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) መሥራች ኢማም ማሊክ ስለ ሐዲሡ ትክክለኛነት ተጠይቀው አላጸደቁትም። ሰዉ ግን ሐበሾችን ከመውጋት እንደተቆጠበ ነው ብለው አለፉት።